አልተገኘችም ማለት የለችም ማለት ነው? ስለ ነፋስ ኃይልና ስለ ሌሊት ወፍ ጥናት የተደረገ ክርክር

አወያይ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። የዛሬው ጥያቄ ከቤቴ ብዙም ከማይርቀው የግሪንቤልት ፌዴራል ፍርድ ቤት የወጣ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በዌስት ቨርጂኒያ፣ በግሪንብራየር አውራጃ፣ ቢች ሪጅ በሚባል የተራራ ጀርባ ላይ 122 የነፋስ ተርባይኖች ሊተከሉ ታቀደ። በአካባቢው በሚገኙ ዋሻዎች የኢንዲያና የሌሊት ወፍ የብርዱን ወራት ተኝታ ታሳልፋለች። ይህች ፍጥረት ከ1967 ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ለኩባንያው የሠሩት አጥኚዎች በ2005 እና በ2006 በሙቀቱ ወቅት መረብ ዘርግተው ሌሎች የሌሊት ወፎችን ያዙ፤ ከእርሷ ወገን ግን አንዲትም አልያዙም። ስለዚህ የለችም ተባለ፤ ግንባታውም ተጀመረ። የእንስሳት ደኅንነት ተሟጋቾችና የአካባቢው ሰዎች ክስ አቀረቡ። ዳኛ ሮጀር ታይተስ ዲሴምበር 8 ቀን 2009 በሰጡት ውሳኔ ጉዳት መድረሱ የማይቀር ነው አሉ። ግንባታቸው የተጀመሩት 40 ተርባይኖች ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ፣ የሌሊት ወፎቹ በዋሻ በሚተኙበት ጊዜ ብቻ እንዲሠሩ፣ የቀሩት ደግሞ ልዩ ፈቃድ ሳይገኝ እንዳይተከሉ አዘዙ። አጥኚ ያላገኛትን ፍጥረት ምክንያት አድርጎ ንጹሕ ኃይልን ማገድ ተገቢ ነው?

መሐንዲስ (አዳማ)፦
ተገቢ አይደለም። ዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ድንጋይ አገር ናት። እዚያ ከሰል ለማውጣት የተራራ አናት በፈንጂ ይገመሳል፤ ፍርስራሹ ሸለቆ ውስጥ ይደፋል፤ ጫካውም ምንጩም አብረው ይቀበራሉ። ያን ሁሉ ለተሸከመ ተራራ የነፋስ ማማ መጣበት ብሎ መክሰስ ቅደም ተከተሉን መሳት ነው። የሌሊት ወፍም ብትሆን የምትኖረው አየሩ ሲስተካከልና ጫካው ሲተርፍ ነው።

ወደ እኛ አገር ስመጣ ደግሞ ነገሩ ያሳስበኛል። በ2012 የተመረቀው የአዳማ ቁጥር አንድ 51 ሜጋ ዋት ነው፤ ቁጥር ሁለት 153 ሜጋ ዋት ጨመረ። ነፋስ የሚጠቅመን በበጋ፣ የግድቦቻችን ውኃ በሚጎድልበት ጊዜ ስለሚበረታ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ እያንዳንዱን ዋሻ ፈትሹ፣ እያንዳንዱን ሌሊት ቁጠሩ ብለን ካሰርነው የሚጎዳው ኩባንያ አይደለም፤ በጨለማ የሚያመሸው ሕዝብ ነው። ጥናት ተደረገ፣ አልተገኘችም። ከዚያ ወዲያ ምን ይደረግ?

የሥነ ሕይወት መምህርት (ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ ክርክሩ ያለው «አልተገኘችም» ባሉት ቃል ላይ ነው። መረቡን በእጄ ዘርግቼ ስለማውቀው ስለ እርሱ ልናገር።

ለዚህ ሥራ የሚዘረጋው መረብ ከፀጉር ክር የማይወፍር ነው። በሁለት ምሰሶ መካከል፣ በጅረት ላይ ወይም በጫካ መንገድ ላይ ይወጠራል። ቁመቱ ቢበዛ ከአንድ ፎቅ ቤት እምብዛም አይበልጥም። የተርባይን ክንፍ የሚዞረው ግን ከዚያ እጅግ ርቆ፣ ከዛፎቹ አናት በላይ ነው። ታች ውኃ ልትጠጣ የወረደችውን ያዝን ማለት ላይ የምታልፈውን አየን ማለት አይደለም። ደግሞም የሌሊት ወፍ በድምፅ የምታይ ፍጥረት ናት፤ መረቡን ሰምታ ታልፈዋለች። ከተማሪዎቼ ጋር በአንድ ወንዝ ዳር ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ቆመን ባዶ እጃችንን ተመለስን። ከአሥር ቀን በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መረብ፣ በጨለማ ሰባት ያዝን። የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ ጽፌ ብመለስ ኖሮ ወንዙ ባዶ ነው ብዬ አስተምር ነበር።

ቢች ሪጅ ላይ የጎደለው ይህ ነው። መረብ የተዘረጋው በሙቀቱ ወቅት ነው። ከዋሻ ወጥተው የሚበተኑበት የጸደይ ጊዜና ወደ ዋሻ የሚመለሱበት የመኸር ጊዜ አልተፈተሹም። በአሜሪካ የነፋስ ማማዎች ሥር የሌሊት ወፍ በብዛት ሞቶ የሚገኘው ደግሞ በሙቀቱ ማብቂያና በመኸር፣ በፍልሰት ጊዜ ነው። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የድምፅ መቅረጫ ተጠቀሙ፣ ጥናቱንም አርዝሙት ብሎ በደብዳቤ መክሮ ነበር፤ አልተሰማም። ፍርድ ቤቱን ያሳመነው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በተረታችን የሌሊት ወፍ የወፎች ግብር ሲመጣ አይጥ ነኝ፣ የአይጦች ግብር ሲመጣ ወፍ ነኝ የምትል አታላይ ናት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ልጇን ጡት የምታጠባ እናት ናት። የኢንዲያናዋ ክብደቷ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አይበልጥም፤ በዓመት የምትወልደውም አንድ ልጅ ብቻ ነው። አይጥ ቢሞት በወራት ይተካል፤ እርሷ ስትሞት የሚተካት የለም ማለት ይቻላል። ከ2006 ወዲህ ደግሞ በኒው ዮርክ ዋሻ የተጀመረ፣ አፍንጫቸውን ነጭ የሚያለብስ የፈንገስ በሽታ እየፈጃቸው ነው። በዚህ ላይ ነው ማማው የሚጨመርባቸው።

የገበሬ ልጅ፦
መምህርት፣ የተናገሩትን አከብራለሁ። ግን እኔም የምናገረው አለኝ። ከአባቴ ማሳ ላይ ቆሜ የነፋስ ማማዎች ሲዞሩ አያለሁ፤ እናቴ ግን እራት የምታበስለው በኩራዝ ብርሃን ነው። ሽቦው በላያችን አልፎ ሄደ። ስለ ሌሊት ወፍ ሦስት ዓመት ተጠንቶ ስለ እኛ ሦስት ቀን ካልተጠና ምኑ ላይ ነው ፍትሑ? ጥናት ይሁን ከተባለ ሰውም ይቆጠር።

የሕግ ባለሙያ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ወንድማችን ያነሣው ትክክል ነው፤ አንዱ ግን ሌላውን አይሽረውም። በአገራችን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሰውንም ፍጥረትንም በአንድ ሰነድ ውስጥ እንዲታዩ ነው የሚያስገድደው። የእናትህ ኩራዝና የሌሊት ወፏ ተቀናቃኞች አይደሉም። ሁለቱንም የሚጎዳው ጥናትን እንደ ማኅተም ማስመቻ የሚቆጥር ሰው ነው።

ስለ ውሳኔው መሐንዲሱን ላርም። የአሜሪካው ሕግ ማመንጫ አትሥሩ አይልም። ጉዳት እንደሚደርስ ካወቃችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ጉዳቱን የምትቀንሱበትን ዕቅድ አቅርቡ ነው የሚለው። ኩባንያው ይህን ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው ወደ ግንባታ የገባው። ዳኛውም የነፋስን ጥቅም አልካዱም፤ ነፋስን ማበረታታትም እንስሳትን መጠበቅም የአገሪቱ ፖሊሲ ነው፣ ሁለቱ ሊስማሙ ይችላሉ ብለዋል። ከውሳኔው በኋላ ወር ገደማ ቆይቶ ጃንዋሪ 2010 ላይ ተከራካሪዎቹ ታረቁ። 67 ተርባይኖች ቆሙ፤ ፈቃዱም በ2013 መጨረሻ ተገኘ። እንግዲህ ንጹሕ ኃይል ታገደ ማለት ከየት መጣ?

መሐንዲስ (አዳማ)፦
ከ122 ወደ 67 መውረድ ለእርስዎ ቀላል ቁጥር ነው፤ ዕቅድ ለሚሠራ ሰው ግን ቀላል አይደለም። ባንክ ብድር የሚሰጠው በተተነበየው ኃይል ልክ ነው። አንዲት የኢንዲያና የሌሊት ወፍ እዚያ መሞቷስ በዓይን ታየ? ውሳኔው በግምት ላይ የቆመ ነው።

የሥነ ሕይወት መምህርት (ባሕር ዳር)፦
እዚያው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ማውንቴኒር በተባለ 44 ተርባይኖች ባሉት ማመንጫ በ2003 ሬሳ ተለቅሞ ሲሰላ የሞቱት የሌሊት ወፎች ወደ 2000 ይጠጉ ነበር። የኢንዲያናዋም ሬሳ ተገኝቷል፤ ሴፕቴምበር 2009 ላይ፣ በኢንዲያና ግዛት ፋውለር ሪጅ በሚባል ማመንጫ። ቢች ሪጅ ከመወሰኑ ከሦስት ወር በፊት መሆኑ ነው። ከሁለት ማንኪያ ስኳር የማትከብድን ፍጥረት በሣር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር ያስቡት፤ ቀበሮና ቁራም ይቀድማሉ።

ብድሩን ላነሡት ደግሞ መልስ አለኝ። በፔንሲልቬንያ፣ ካስልማን በተባለ ማመንጫ በ2008 እና በ2009 ሙከራ ተደረገ። ተርባይኖቹ ነፋሱ በሰከንድ 3.5 ሜትር ሲደርስ መዞር መጀመራቸው ቀርቶ፣ በሙቀቱ ማብቂያና በመኸር ሌሊቶች 5 ወይም 6.5 ሜትር እስኪደርስ እንዲጠብቁ ተደረገ። የሌሊት ወፍ የምትበረው ነፋስ ሲለዝብ ነውና ሞቱ ከ44 እስከ 93 በመቶ ቀነሰ። የጠፋው የዓመት ኃይል ከአንድ በመቶ አይበልጥም። ይህን አንድ በመቶ የትኛውን ሌሊት እንደሚከፍሉ የሚነግርዎት ግን ጥናት ብቻ ነው። ሳያጠኑ የሚከፍሉት ከዚህ ይበልጣል፤ ቢች ሪጅ ከፍሎታል።

መሐንዲስ (አዳማ)፦
ስለ ካስልማን የነገሩኝ አሳምኖኛል። ለዘብ ያለ ነፋስ የሚሰጠን ኃይል ጥቂት መሆኑን ከሁላችሁም የማውቀው እኔ ነኝ፤ ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚያድግ ታችኛው ፍጥነት ላይ የሚታጣው ኢምንት ነው። ከውሳኔው ጋር አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም፤ ዳኛ ሳይሆን ባለሙያ ቀድሞ ሊፈታው ይገባ ነበር እላለሁ። ነገር ግን የጊዜው ጉዳይ መላ ያለው ይመስለኛል። ማንኛውም ቦታ ከመመረጡ በፊት የነፋስ መለኪያ ማማ አቁመን ቢያንስ አንድ ዓመት እንለካለን። የድምፅ መቅረጫውን በዚያው ማማ ላይ፣ ከላይም ከታችም ብንሰቅለው አንድም ቀን አይጨምርብንም። ክንፉ በሚዞርበት ከፍታ ማን እንደሚያልፍም እንሰማለን። ይህን ሐሳብ ለሚቀጥለው ሥራ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

የገበሬ ልጅ፦
ማማው የሚቆመው በእኛ ማሳ ላይ ስለሆነ አንድ ልጠይቅ። የተቀረጸው ድምፅ የየትኛዋ የሌሊት ወፍ እንደሆነ ማን ለይቶ ያውቃል?

የሥነ ሕይወት መምህርት (ባሕር ዳር)፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትልቁ ሥራም እርሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ የኢንዲያናዋን ድምፅ ከቅርብ ዘመዶቿ መለየት ባለሙያዎችን ያከራክራል። የእኛዎቹን ለመለየት መጀመሪያ በመረብ ይዘን፣ ዓይነታቸውን አረጋግጠን፣ ስንለቅቃቸው ድምፃቸውን መቅረጽ አለብን፤ ከሶፍ ዑመር ዋሻ እስከ አሮጌ ቤተ ክርስቲያናት ጣሪያ። ዋሻዎቹንና ጣሪያዎቹን የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከመንደርህ አቅራቢያ በምሽት የሚወጡበትን ቦታ ካወቅህ ንገረኝ፤ ጨረቃዋ ስታንስ ከተማሪዎቼ ጋር እመጣለሁ።

የገበሬ ልጅ፦
ከወንዙ በላይ አንድ ገደል አለ፤ ሲመሽ እንደ ጭስ ይወጣሉ። ይምጡ፤ እናቴ ቡና ታፈላለች።