የተሳቢ መኪና፣ የተቃውሞ ሰልፍ እና የመኖሪያ ፈቃድ፦ ከቦሳ ቂጦ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች

ከጅማ፣ ቦሳ ቂጦ (የልጁ አባት)

በውጭ አገር የምትኖሩ የጅማ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ልጄ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ በኤፍኤስአር ጀንፈል ቡና ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። አሁን ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ በሥራ ፈቃድ እየኖረ የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ትምህርት ጀምሯል። አብሮት የሚማር ሰው በ2022 በኮሮና ጉዳይ ተቃውሞ የወጡ ሹፌሮች የባንክ ሒሳባቸው እንደታገደባቸው ነግሮት፣ እሱም በስልክ ሲያጫውተኝ ሆዴን ባር ባር አለው። እዚህ ሰፈር አንዱ «ካናዳ ሰልፍ መብት ነው፣ አትስጋ» ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ «የውጭ ዜጋ ሰልፍ ላይ ከታየ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ይጭኑታል» ይላል። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ጓደኞቹ ከወጡ እሱ ቤት አይቀመጥም። ሰዎቹ በምን ተነሥተው እንደነበርና ለእንደ እሱ ያለ ሰው አደጋው የት ላይ እንደሆነ በቅርብ ያየ ሰው ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ (ቀድሞ ኦታዋ ነዋሪ)

ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ጉዳዩ በተፈጸመበት ወቅት መኖሪያዬ ከፓርላማው ብዙም ሳይርቅ፣ መኪኖቹ ተደርድረው ከቆሙበት ከኬንት ጎዳና አጠገብ ስለነበር፣ ያየሁትንም ከሕጉ የማውቀውንም ልጽፍልዎ እችላለሁ። አሁን ለእናቴ ሕመም ጅማ ነኝ፤ የሰፈርዎ ሰዎች የሚሉትን ሁለቱንም ወሬ እኔም እዚህ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለቱም ልክ አይደሉም።

መነሻው የክትባት ግዴታ ነው። ወረርሽኙ ከጀመረ አንሥቶ ድንበር አቋርጠው ዕቃ የሚያመላልሱ ሹፌሮች ሥራቸው አስፈላጊ ነው ተብሎ ከብዙ ገደቦች ነጻ ተደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 15 ቀን 2022 ጀምሮ ግን ያልተከተበ ካናዳዊ ሹፌር ከአሜሪካ ሲመለስ ተመርምሮ ራሱን ለይቶ እንዲቆይ የካናዳ መንግሥት ወሰነ። በማይል ለሚከፈለው ሰው ይህ ማለት ከአንድ ጉዞ በኋላ ሁለት ሳምንት ያለ ገቢ ቤት መቀመጥ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ አሜሪካም በበኩሏ ያልተከተበ የውጭ ሹፌር እንዳይገባ ስለከለከለች፣ የካናዳ መንግሥት ውሳኔውን ቢያነሣ እንኳ ለእነዚያ ሹፌሮች ድንበሩ አይከፈትላቸውም ነበር። ይህንን ሰልፈኞቹ እምብዛም አያነሡትም ነበር። አብዛኞቹ የድንበር ተሻጋሪ ሹፌሮች የተከተቡ ሲሆኑ፣ የካናዳ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ኅብረትም መንገድ መዝጋቱን በግልጽ አውግዟል። ሆኖም ሰዉ በሁለት ዓመት ገደብ ተሰላችቶ ስለነበር፣ በኦንታሪዮም በዚያው ወር ምግብ ቤቶች ውስጥ ተቀምጦ መመገብ እንደገና ተከልክሎ ስለነበር፣ የሹፌሮቹ ጥያቄ ከመኪና ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን ብሶት ሁሉ ጎትቶ ወደ አደባባይ አወጣው።

ጃንዋሪ 28 እና 29 መኪኖቹ ኦታዋ ገቡ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከቤተሰባቸው ጋር የመጡ፣ ሾርባ የሚያድሉ፣ እሳት ዙሪያ ቆመው የሚጨፍሩ ሰዎችን ያየሁበት ቀን ስለነበር፣ ሰልፉን ከመጀመሪያው እንደ ወንጀል አላየሁትም። ችግሩ ሰኞ የማይሄዱ መሆናቸው ነበር። ሥራዬ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛነት ነበር፤ እንቅልፌ የቀን ነው ማለት ነው። የአንድ ተሳቢ ክላክስ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቃሉ፤ የብዙ መኪኖች ክላክስ በአንድ ጠባብ ጎዳና፣ በፎቆች መካከል፣ ቀንም ሌሊትም ሲጮኽ ግን መስኮቱ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ ለማሞቂያ ሌት ተቀን ስለሚሠራ የናፍጣው ሽታ በመስኮት ጠርዝ እየገባ ልብስ ላይ ሳይቀር ይቀር ነበር። ፖሊስ ነዳጅ እንዳይገባላቸው መውረስ ሲጀምር ሰልፈኞቹ ጀሪካን በልጆች የበረዶ መንሸራተቻ ላይ አስረው ይጎትቱ ጀመር፤ ፖሊስን ለማደናገርም ባዶ ጀሪካን ይዘው የሚዞሩ ብዙ ነበሩ። ክላክሱ ጋብ ያለው አንዲት የአካባቢው ነዋሪ ከስሳ ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 7 የእግድ ትእዛዝ ከሰጠ በኋላ ነው። ከፖሊስ ቀድሞ የፍርድ ቤት ወረቀት ዝምታ ማምጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በዚያ ሁሉ የተጎዳው ማን እንደሆነ መናገር አለብኝ። በመሐል ከተማው ያለው ትልቁ የሪዶ የገበያ ማዕከል ከጃንዋሪ 29 እስከ ፌብሩዋሪ 22 ተዘግቶ ነበር። እዚያ በሰዓት እየተከፈላቸው ልብስ የሚያጥፉ፣ ምግብ የሚያቀርቡና ወለል የሚያጸዱ ሰዎች ውስጥ የእኛም ልጆች ነበሩ። ፓርላማው ውስጥ ያሉት ሰዎች ደመወዛቸው አልተቋረጠም። መንግሥትን ለመቅጣት የተጠራ ሰልፍ የኪራይ ገንዘቧን በሰዓት የምትለቅመውን ልጅ ሲቀጣ፣ ጥያቄው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን እኔ አብሬ መቆም አልችልም።

ወደ ባንኩ ጉዳይ ልምጣ። ዊንዘርን ከዲትሮይት የሚያገናኘው፣ የሁለቱ አገሮች ንግድ አንድ አራተኛ ገደማ የሚያልፍበት የአምባሳደር ድልድይ ከፌብሩዋሪ 7 ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ያህል ተዘጋ። ኦንታሪዮ ፌብሩዋሪ 11 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥታ፣ አውራ ጎዳናና ድልድይ በሚዘጋ ሰው ላይ እስከ 100,000 ዶላር ቅጣትና እስከ አንድ ዓመት እስራት ደነገገች። ፌብሩዋሪ 14 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ አዋለ። ባንኮች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሒሳብ እንዲያግዱ የተፈቀደላቸው በዚህ ጊዜ ነው። ከ200 በላይ ሒሳቦች ታገዱ። ፖሊስ ለባንኮች የላከው ስም የአዘጋጆችና መኪናቸውን አላነሣም ያሉ ሹፌሮችና ባለንብረቶች ስም ነው፤ አንድ ቀን ሄዶ ባንዲራ አውለብልቦ የተመለሰ ሰው አይደለም። መንገዱ ከፌብሩዋሪ 18 ጀምሮ በፖሊስ ተጠርጎ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ታስረው፣ ፌብሩዋሪ 23 ሕጉ ተነሣ፤ ሒሳቦቹም ተለቀቁ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን በ2023 መንግሥት ሕጉን ለመጠቀም የሚያስፈልገው መመዘኛ ተሟልቶ ነበር ሲል፣ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2024 አዋጁ ምክንያታዊ እንዳልነበርና መብት እንደጣሰ ፈረደ። መንግሥትም በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ብሎ ነበር።

አሁን የልጅዎ ጉዳይ። በካናዳ የመብቶች ቻርተር ላይ በሰላም የመሰብሰብ ነጻነት «ለሁሉም ሰው» ተብሎ የተጻፈ እንጂ ለዜጋ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በሰላማዊ ሰልፍ መገኘት ብቻውን የሥራ ፈቃዱንም ሆነ ነገ የሚያመለክተውን ቋሚ ነዋሪነት አይነካበትም። የሚነካው የወንጀል ፍርድ ነው። ለኦታዋዎቹ በብዛት የቀረበው ክስ ሰው በንብረቱ እንዳይገለገል ማወክ የሚባለው ሲሆን፣ ሁለቱ ታዋቂ አዘጋጆች በአፕሪል 2025 ጥፋተኛ የተባሉትም በዚሁ ነው። ይህ ክስ የንብረቱ ዋጋ ከ5,000 ዶላር ሲበልጥ ከፍተኛ ቅጣቱ አሥር ዓመት ይደርሳል። በኢሚግሬሽን ሕጉ ደግሞ ከፍተኛ ቅጣቱ አሥር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ሰው፣ በተግባር አንድም ቀን ባይታሰር፣ ቋሚ ነዋሪ እንኳ ቢሆን ከአገር የመባረር አደጋ ይጋረጥበታል። በጊዜያዊ ፈቃድ ላለ ሰው መስፈርቱ ከዚህም ያነሰ ነው። ዜጋው ተቀጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ጥፋት ለልጅዎ የአገር መውጫ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ሰልፍ መውጣት ከፈለገ በእግሩ ይውጣ፤ መኪናውን ይዞ አይሂድ። በኦታዋ ተቃዋሚን ከመንገድ ዘጊ የለየው የቆመው መኪና ነው፤ መኪና የታርጋ ቁጥር አለው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ ባለቤት አለው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይያዛሉ። ፖሊስ ስብሰባው ሕገወጥ ነው፣ ተበተኑ ካለ በኋላ ግን በእግሩ የቆመውም ሰው እዚያ መገኘቱ ራሱ ጥፋት ሊሆን ስለሚችል፣ ያኔ ክርክር ሳያነሣ ይመለስ።

ከካልጋሪ (የአጂፕ ሰፈር ልጅ፣ የተሳቢ ሹፌር)

እህቴ በጻፈችው ሕግ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ በፍርዷ ላይ ግን ልከራከር። ተከትቤያለሁ፣ ሰልፉም ላይ አልወጣሁም፣ ግን ያልተከተቡት ባልደረቦቼ ሁሉ ሁከት ፈጣሪዎች እንደነበሩ ተደርጎ ሲወራ ይከነክነኛል። መኪናውን በብድር ገዝቶ በየወሩ የሚከፍል ሰው፣ ወረርሽኙ በከፋበት በ2020 «ጀግና» ተብሎ ተጨብጭቦለት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራው በአንድ ቀን ገደብ ውስጥ ሲወድቅ ቢናደድ አይፈረድበትም። ደግሞም ማንም ዳኛ ሳያየው ሒሳብ ማገድ፣ ሚስትና ልጆች ዳቦ የሚገዙበት ካርድ እንዳይሠራ ማድረግ ነው። ዛሬ የማልደግፈው ሰው ላይ የሆነው ነገ በእኔ ላይ እንደማይሆን ማን ያረጋግጥልኛል? ስለ ክላክሱና ስለ ሠራተኞቹ ግን እህቴ ያለችው እውነት ነው።

ከበርሊን

እዚህ በጀርመን የነበረው ሌላ መልክ ስለነበረው በአጭሩ ልጨምር። በኦገስት 29 ቀን 2020 የበርሊን አስተዳደር የኮሮና ገደቦችን የሚቃወመውን ሰልፍ አስቀድሞ ከልክሎ ፍርድ ቤት ፈቀደው፤ ወደ 38,000 ሰው ወጣ፤ ርቀት አልተጠበቀም ተብሎ አንዱ ሰልፍ በፖሊስ ተበተነ፤ ምሽት ላይ ጥቂት መቶዎች የፓርላማውን ደረጃ ወጡ። ከመካከላቸው ጥቁር፣ ነጭና ቀይ የሆነውን፣ ዛሬ ቀኝ አክራሪዎች የሚያውለበልቡትን የድሮውን የንጉሠ ነገሥት ዘመን ባንዲራ የያዙ ነበሩ። የጀርመን ሕገ መንግሥት የመሰብሰብን መብት ለጀርመናውያን ብሎ ቢጽፍም፣ የሰልፍ ሕጉ ለማንኛውም ሰው ስለሚፈቅድ የውጭ ዜጋም መውጣት ይችላል። እንደ እኛው አገር የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሁሉ፣ እዚህም ሰልፍ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ በ48 ሰዓት። ሆኖም አጠገቤ ማን እንደቆመ ሳላይ ሰልፍ ውስጥ አልገባም፤ ያን ባንዲራ የያዘ ሰው የቆመበት ቦታ የእኔ መልክ ላለው ሰው ከቫይረሱ ይልቅ ያሰጋል።

ከጅማ፣ ቦሳ ቂጦ (የልጁ አባት)

ልጆቼ፣ ፈጣሪ ያክብራችሁ። እኛ በ2012 መጋቢት መጨረሻ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ መኪና በግማሽ ሰው እጥፍ ታሪፍ ሲያስከፍል፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኝተው ከተማው ጭር ሲል፣ በየቤታችን አጉረመረምን እንጂ አደባባይ የወጣ አላየሁም። ለዚህ ነው የእነሱ ነገር ግር ያለኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ልጄ የሚነዳው መኪና የድርጅት ቢሆንና ድርጅቱ ራሱ «ሂድና ቁም» ቢለውስ? እዚህ ባለመኪናው ቁም ካለ ሹፌር ይቆማል።

ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ (ቀድሞ ኦታዋ ነዋሪ)

ጋሼ፣ የአሠሪ ትእዛዝ ከወንጀል ክስ አያድንም። መሪውን የያዘው፣ ፖሊስ አንሣ ሲለው ያላነሣው ሹፌሩ ስለሆነ፣ ጥያቄው መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሱ ነው፤ መንጃ ፈቃዱም የእሱ ነው። ኦንታሪዮ ያን ጊዜ የንግድ መንጃ ፈቃድ እስከ መሰረዝ እንደምትሄድ ተናግራ ነበር። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢመጣበት በቃል አይቀበል፤ በጽሑፍ መልእክት እንዲላክለት ይጠይቅ፤ አብዛኛው አሠሪ እዚህ ላይ ይተወዋል። ካልተወ መኪናውን በሕጋዊ ማቆሚያ አቁሞ፣ ቁልፉን መልሶ፣ በዚያው ቀን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። የሥራ ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ከሆነ ሥራውን ሲለቅ ሌላ ቦታ እንዲሁ መግባት ስለማይችል፣ ከመልቀቁ በፊት ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ፈቃዱ ላይ የአሠሪ ስም ተጽፎ እንደሆነ ዛሬ ማታ ሲደውል ይጠይቁት።