ፔዳል ስቲል ላይ አምባሰልና ባቲ ለመጫወት ዘንጎቹን መቀየር አለብኝ?

የሽምብጥ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ባህር ዳር ነኝ ክራርና ጊታር እጫወታለሁ። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ባለ 10 ክር ፔዳል ስቲል (አግድም ተቀምጦ ክሮቹ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት፣ በእግርና በጉልበት የክሩ ድምጽ የሚቀየርበት ጊታር) ይዞልኝ መጣ፣ ሶስት ፔዳል አለው፣ የጉልበት ሌቨሩ ደግሞ አምስት ነው፣ አራቱ ወደ ጎን የሚገፉ አንዱ በግራ ጉልበት ወደ ላይ የሚነሳ። አቃኛኙ ኢ ናይን የሚሉት የናሽቪሉ ነው። የካንትሪ ሙዚቃውን ቀስ እያልኩ እየለመድኩት ነው ግን ልቤ ያለው የኛ ቅኝት ላይ ነው። ክራር ላይ ከትዝታ ወደ አምባሰል ስሄድ ክሮቹን እንደገና ቃኝቼ ነው፣ እዚህ ግን አንዱን ክር ስቀይር ፔዳሉ ላይ ያለው ድምጽም አብሮ ይዛባል። ፔዳሉን ከክሮቹ ጋር የሚያገናኙትን ከስር ያሉትን ዘንጎች ነቅዬ ለአምባሰል እንዲሆኑ አድርጌ ልግጠማቸው ወይስ ሌላ መላ አለ? ደግሞ ኤ ፔዳልን (ቢን ወደ ሲ ሻርፕ የሚያወጣውን) ረግጬ ስለቅ 5ኛዋ ክር ቢ ወደ ቦታዋ አትመለስም፣ ትንሽ ከፍ ብላ ነው የምትቀረው። የሚያውቅ ሰው እባካችሁ።

ከአባይ ማዶ
የሁለተኛውን ልመልስልህ። ቢ ከፍ ብላ የምትቀረው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝህ ጫፍ ዘንጉ ላይ ያለችው የናይለን ፍሬ (ዳዶ) ከመጠን በላይ ስለጠበቀች ነው፣ ዘንጉ ጭራሽ ላላ የማለት ቦታ ከሌለው ክሩን የሚስበው ብረት ወደ ማረፊያው አይደርስም። ፍሬዋን ትንሽ ትንሽ እያላላህ ፔዳሉን እየረገጥክ ልቀቅ፣ ቢ ቦታዋ ላይ ስትቀመጥ ታቆማለህ። ከዛ ስትረግጠው ሲ ሻርፕ ካልሞላች የፔዳሉን ማቆሚያ ብሎን አስተካክለህ ፔዳሉ ትንሽ ጠልቆ እንዲወርድ አድርገው። ቅደም ተከተሉን ደግሞ አትርሳ፣ መጀመሪያ ምንም ሳትረግጥ በግራ በኩል ባለው መቃኛ ክሮቹን ቃኝ፣ ቀጥሎ ፔዳሉን ረግጠህ ይዘህ በፍሬዋ። ረግጠህ እያለህ መቃኛውን ከነካህ ሁሉም ይበላሻል። አምፕህም ለ110 ቮልት የተሰራ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰካው።

ትዝታ በጣና
ዘንጉን እንዳትነካው የኔ ልጅ!! የምትፈልገው ቅኝት እዛው ውስጥ አለ። ክራር ስትጫወት ዘፈኑ አልቆ ነው የምትቃኘው፣ እዚህ ግን ፔዳሉ የተሰራው ክሩ እየጮኸ እያለ ድምጹ እንዲቀየር ነው፣ አሜሪካዊው የፔዳል ስቲል ተጫዋች ባድ አይዛክስ በነሱ አቆጣጠር በ1954 በወጣ ሸክላ ላይ ካሰማው ጀምሮ የመሳሪያው ነፍስ ይሄ ነው። ስለዚህ ፔዳሎቹን ኮርድ መቀየሪያ ብቻ አድርገህ አትያቸው፣ አንድ ክር ላይ ሁለት ድምጽ እንዳለህ አስብ።

በባዶ ክር (ማለትም በእጅህ የምታንሸራትተውን ብረት ክሮቹ ላይ ሳታሳርፍ) እንጀምር። ትዝታ ሜጀር ከኢ ስትነሳ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ ነው። 8ኛ ክር፣ 7ኛ፣ 6ኛ፣ 5ኛ፣ ከዛ 5ኛዋን ኤ ፔዳል ስትረግጥባት ሲ ሻርፕ፣ 4ኛ ላይ ኦክታቩ። አንድ ፔዳል ብቻ።

አሁን አምባሰል፣ ልብ ብለህ ያዘኝ። ኢን ወደ ዲ ሻርፕ የሚያወርደው ሌቨር አለ (ብዙዎቹ ላይ የግራ ጉልበት ወደ ቀኝ)፣ ቢን ወደ ኤ ሻርፕ የሚያወርደው ደግሞ ያ ወደ ላይ የምታነሳው መሆን አለበት፣ ያንተው ላይ አረጋግጥ። ሌቨሩን ይዘህ 8ኛዋን ምታት፣ ዲ ሻርፕ ናት መነሻህ። ስትለቀው ኢ ትሆናለች። 6ኛዋ ጂ ሻርፕ። 5ኛዋን ጉልበትህን አንስተህ ኤ ሻርፕ፣ ስታወርደው ቢ። 4ኛዋን እንደገና በመጀመሪያው ሌቨር ዲ ሻርፕ፣ ሞላ። ብረቱ ከቦታው አልተነቃነቀም! 9ኛው ፍሬት ላይ ካደረግከው የሲ አምባሰል ነው፣ 11ኛው ላይ የዲ። እነዚሁ ድምጾች ከ6ኛዋ ክር ስትነሳባቸው ደግሞ ትዝታ ማይነር ይሰጡሃል፣ ለዛ ሲን የምትፈልግ ከሆነ 4ኛው ፍሬት። እና ሌቨሩን ቶሎ አትልቀው፣ ዲ ሻርፕ እየጮኸች ቀስ ብለህ ስትለቃት ማሲንቆ ላይ ጣት ሲንሸራተት እንደምንሰማው ነው የምትሆነው፣ እኔ በዚህ ድምጽ ነው መሳሪያውን የወደድኩት።

ባቲ ሜጀርም ቀላል ነው፦ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ 6ኛዋን በቢ ፔዳል (ጂ ሻርፕን ወደ ኤ የሚያወጣው) ኤ፣ 5ኛዋ ቢ፣ 4ኛዋ በሌቨር ዲ ሻርፕ፣ ስትለቃት ኢ።

የሽምብጥ ልጅ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አምባሰሉን አሁን ሞከርኩት በጣም ነው የገረመኝ፣ ፍሬዋንም አላላኋት ቢ ተመልሳለች። ሁለት ነገር ልጠይቅዎት፣ አንደኛ አንዳንዶቹ ጂ ሻርፕን ከቱነሩ (የድምጽ መለኪያው) ዝቅ አድርገህ ቃኛት ይላሉ ይሄ ነገር እውነት ነው? ሁለተኛ አንቺሆዬስ ይወጣል?

ከአባይ ማዶ
የጂ ሻርፗን እኔ ልመልስ ጋሼ ይቅርታ፣ አዎ እውነት ነው፣ ከኢ ጋር አብራ ስትመታ እንዳትንቀጠቀጥ ብለው 14 ሴንት (ሴንት ማለት የግማሽ ድምጽ መቶኛ ነው) አካባቢ ዝቅ ያደርጓታል። እኔ ግን አላደርገውም ምክንያቱም ማታ ማታ የምንጫወተው ከኪቦርድ ጋር ነው እና ኪቦርዱ አይወርድልህም፣ ቀጥ አድርገህ በቱነሩ ቃኝ።

ትዝታ በጣና
በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ከኪቦርድ ጋር እንኳን እኔ ግማሽ መንገድ አወርዳታለሁ፣ ብቻህን ወይ ከማሲንቆ ጋር ስትሆን ደግሞ ሙሉ በሙሉ በጆሮ ነው መሆን ያለበት፣ የኛ ዘፋኝ በቱነር አይዘፍንም።

አንቺሆዬ ይወጣል፣ ግን እግርና ጉልበት ይፈትናል። 8ኛዋ ኢ፣ በሌላኛው የግራ ጉልበት ሌቨር ኤፍ፣ ቢ ፔዳልን ረግጠህ 6ኛዋ ኤ፣ 5ኛዋን ጉልበት አንስተህ ኤ ሻርፕ፣ ከዛ ጉልበቱን አውርደህ በኤ ፔዳል ሲ ሻርፕ፣ 4ኛዋ ኢ። ቢ ፔዳልን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደረገጥከው ቆይ፣ ቁርጭምጭሚትህን ወደ ግራ ዘንበል ስታደርገው ኤ ፔዳል ይጨመራል፣ አጠገብ ለአጠገብ የተደረጉት ለዚህ ነው። 5ኛዋ ላይ ተጠንቀቅ፣ ጉልበትህን ሳታወርድ ኤ ፔዳልን ከረገጥከው ሲ ሻርፕ አትደርስም፣ ሲ አካባቢ ትቀርብሃለች።