ከአንድ ዛፍ ሥር የለቀምኩት የሻይ ፍሬ 31 ዓይነት ሆኖ በቀለ፤ ልንቀለው?

የቦንጋው የቡና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴም አባቴም በቡና ነው ያሳደጉን። ስለ ሻይ የማውቀው መጠጣቱን ብቻ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ዉሽውሽ አካባቢ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ ከጓሮው ጥግ ማንም ሳይገርዘው እንደ ዛፍ የረዘመ ሻይ አየሁ። ሥሩ ፍሬ ረግፏል፤ ቡናማ፣ ልጆች እንደሚጫወቱበት ብይ ድቡልቡል። የዛፉ ቁመና ደስ ስላለኝ 40 ፍሬ ቆጥሬ በኪሴ ይዤ መጣሁ። እንደ ቡና መደብ አዘጋጅቼ ተከልኩ። 31 በቀለ።

አሁን የሚበዙት ከጉልበቴ አልፈዋል፤ ግን ወንድማማች የሚመስሉ ሁለት የሉም። የአንዱ ቅጠል ከመዳፌ ይረዝማል፣ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ያለው ቅጠሉ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥ፣ ወፈር ያለና ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። ሦስቱ ገና አንድ ክንድ አልሞሉም። አንዱ ጭራሽ ሲያቆጠቁጥ እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሐምራዊ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠና ግን አረንጓዴ ይሆናል። ታምሟል ብዬ ሁለት ጊዜ ልነቅለው ተነሥቼ ባለቤቴ ከለከለችኝ።

ቡና ከአንድ እናት ስተክል ልጆቹ እናታቸውን ይመስላሉ። ሻይ ምን ነክቶት ነው? ዘመዴ «ከሌላ ዛፍ የወደቀ ፍሬ ቀላቅለህ ነው» ይለኛል። በአካባቢው ሌላ ፍሬ የያዘ ዛፍ አልነበረም፤ ከዚያችው ሥር ተንበርክኬ ነው የለቀምኩት። ሁሉንም ነቅዬ በቡና ልተካው?

ጡረተኛው የችግኝ ሰው፦

ልጄ፣ መቆፈሪያህን አስቀምጥና አንብብ። ዕድሜዬን በሻይ ችግኝ ላይ ነው የጨረስኩት፤ ይህንን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አልቆጥረውም።

ዘሩ ምንም አልሆነም። ሻይን በቡና ዓይን አይተኸው ነው። የእኛ አረቢካ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያዳቅላል (የጫካው ቡና ከሌላ ጋር መዳቀሉ ከፍ ይላል፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው)። እናትም አባትም ያው አንድ ተክል ስለሆነ ልጁ ከወላጁ እምብዛም አይርቅም። ሻይ ግን የራሱን የአበባ ብናኝ አይፈልግም። ንቧ በዚያው ዛፍ ላይ ከአበባ አበባ ስትመላለስ ብትውል፣ ብናኙ አርፎ ወደ ውስጥ መውረድ ይጀምራል፤ ፍሬ መቋጠር ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከሽፋል። እንደኛ ሰባት ቤት ባይቆጥርም ከራሱ ጋር አይጋባም። ስለዚህ የ31ዱም እናት አንዲት ናት፤ አባታቸውን ንቧን ጠይቃት። ፍሬ ባይይዙም አበባ ያላቸው ሻዮች አካባቢው ላይ ነበሩ ማለት ነው።

ቅጠሉ የተለያየውም በዚሁ ነው። ሻይ ሁለት ትልልቅ ወገን አለው፤ ሰፊ፣ ረጅምና ዘንበል ያለ ቅጠል ያለው የአሳሙ (የሕንዱ) ወገን፣ ትንሽና ጠንካራ ቅጠል ያለው፣ ብርድ የሚችለው የቻይናው ወገን። ሁለቱ ያለ ምንም ችግር ይዳቀላሉ፤ በዘር የተተከለ ማሳ ውስጥ ብትገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ ታያለህ። ያቺ ዛፍ ራሷ ቅልቅል ሳትሆን አትቀርም፤ ልጆቿ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሸሹ።

አንድ ዓይነት ማሳ የሚፈልግ ሰው ታዲያ ፍሬ አይነካም። አንድ ቅጠል፣ ከቅጠሏ ሥር ያለችውን ዓይን (ቀንበጥ የምታወጣውን)፣ ከዚያ በታች ሦስት ሣንቲ ሜትር የምትሆን ግንድ ቆርጦ ኮምጣጣ አፈር በሞላው ፕላስቲክ ውስጥ ይሰካል፤ በላዩ ፕላስቲክ ያለብሳል፣ ጥላ ይሠራለታል። ሥር ስታበቅል ያቺው እናት ራሷ ናት። ክሎን የሚባለው ይኸው ነው።

ያልበቀሉት 9 ፍሬዎች፣ ውሃ ውስጥ ጨምረህ አይተሃቸው ነበር? የሚሰምጠው ይተከላል፣ የሚንሳፈፈው ይጣላል። የሻይ ፍሬ ሲደርቅ ይሞታል፤ እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይከርምም። ኪስህ ውስጥ ስንት ቀን ቆየ?

ተማሪዋ፦

ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። የምማረው የዕፅዋት ዘረመል ስለሆነ ዓይኔ ሐምራዊው ላይ ቀርቷል። እባክዎ እንዳይነቅሉት! አልታመመም። ቀለሙ አንቶሲያኒን ይባላል፤ ጥቁር ወይንንና ቀይ ጥቅል ጎመንን የሚያቀልመው ነው። ሻይ ሁሉ ይህንን ቀለም የሚሠራበት ጂኖች (የዘር መመሪያዎች) አሉት፤ ልዩነቱ እነሱን የሚያዝዘው ሌላ ጂን ላይ ነው። በአብዛኛው ሻይ ላይ ትእዛዙ ደካማ ነው፤ በእርስዎ ተክል ላይ ለጋው ቅጠል ውስጥ ጠንክሮ ይሠራል፤ ቅጠሉ ሲጠና ቀለሙ ይደበዝዛል። በቻይና የዩናን ግዛት ታዋቂ የሆነው ሐምራዊ ሻይ፣ ዚጁዋን፣ እንደዚሁ ነው። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2011 ቁጥሩ 306 የሆነ ሐምራዊ ክሎን ለገበሬ አውጥታለች። ለጋውን ቅጠል ሳያጠቁሩ በፍል ውሃ ዘፍዝፈው ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ ወደ ሮዝ ሲቀየር ያያሉ።

የሻይ ሙሉ ጂኖም፣ ማለት የዘረመሉ ጽሑፍ በሙሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከዩናን በተገኘ የአሳም ወገን ክሎን ላይ። በዓመቱ የቻይናው ወገን ተከተለ። 15 ጥንድ ክሮሞዞም፣ ሦስት ቢሊዮን ገደማ የዘረመል ፊደል፤ የፊደሉ ብዛት ከሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። አብዛኛው ራሱን የሚደጋግም ጽሑፍ ስለሆነ ለማንበብ አስቸጋሪ ነበር።

የቡና ልጅ ነኝ ስላሉ ይህችን ልንገርዎ። ሻይና ቡና ካፌይን መሥራትን ከአንድ ቅድመ አያት አልወረሱም፤ ሁለቱም በየፊናቸው የደረሱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሮቡስታ (የአረቢካ ዘመድ የሆነው ሌላው ቡና) ጂኖም ሲታተም ይህ በግልጽ ታየ። ሚዛን ላይ ካስቀመጡት ደግሞ ደረቅ የሻይ ቅጠል ከአረቢካ ፍሬ ይልቅ ካፌይን ይበዛበታል፤ ስኒው ውስጥ የሚያንሰው የምንጨምረው ቅጠል ትንሽ ስለሆነ ነው።

የቦንጋው የቡና ልጅ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ሳነብ ሳቅሁም አፈርሁም። ኪሴ ውስጥ አምስት ቀን ከርሞ ነበር፤ ውሃውንም አላሰብኩት። ዘመዴን በስልክ ጠይቄው ከአጥሩ ማዶ ሁለት ሻይ እንዳለ አመነ። እህቴም ተባረኪ፤ ባለቤቴ ምላሽሽን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፣ አሁን ሐምራዊው የእሷ ነው። ግን ጋሼ፣ ከ31ዱ የሚጠጣውን እንዴት ልለይ? ሁሉንም ጠጥቼ ልሞክር?

ጡረተኛው የችግኝ ሰው፦

ቁጥር ጻፍላቸው፤ ቆርቆሮ ቆርጠህ በሽቦ እሰር፣ ወረቀት በአንድ ክረምት ያልቃል። ከዚያ በማለዳ ከእያንዳንዱ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ቅጠፍ፣ በመዳፍህ እስኪረጥብ እሸው፣ ነጭ ሳህን ላይ አኑረህ ሰዓት ያዝ። ቶሎ የመዳብ ቀለም የሚይዘው ለጥቁር ሻይ ተስፋ አለው፤ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው የለውም። እኛ ቅጠሉን ክሎሮፎርም የሚባል ኬሚካል ባለበት ብርጭቆ እየዘጋን ነበር የምናየው፤ አንተ አያስፈልግህም። እምቡጡንም ገልብጠህ እይ፤ የብር ጸጉር ይኑረው አይኑረው ጻፍ። ደካሞቹን ሦስቱን ግን አትዘንላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። የዘር ሻይ ዋና ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ክሎን ያ የለውም። በጋ ሲከፋ ያንተዎቹ ይቆማሉ። ማላዊ ውስጥ ድርቅ የሚችለውን ሥር አድርገው ጥሩ ቅጠል ያለውን ቆርጠው ከላዩ እስከ ማጣበቅ ደርሰዋል።

የቦንጋው የቡና ልጅ፦

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀመርን። የቤቱ ሳህን አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ተዋስን። ቁጥር 8፣ ያ ባለ ሰፊ ቅጠሉ፣ እኔ ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ እንደ አዲስ ሳንቲም ቀላ። ቁጥር 22 እስከ ምሳ አረንጓዴ ነበር። የባለቤቴ ሐምራዊ ሎሚ ሲነካው ሮዝ ሆነ፤ ጣዕሙ ግን ጥርስ ያጣብቃል። ከቁጥር 8 ላይ ዓይን ቆርጬ ልሰካ?

ጡረተኛው የችግኝ ሰው፦

አትቸኩል። መጀመሪያ ግረዘውና ያቆጥቁጥ። ዓይን የሚቆረጠው ከዚያ ከሚወጣው ቀንበጥ ነው፤ ቅርፊቱ ከታች መቅላት ሲጀምር ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልኝ።