ከሰባት ወር ሕፃን ጋር ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ፦ ብቻዬን እንዴት ልጓዝ?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄ አሁን ስድስት ወር ያለፋት ሲሆን በጉዟችን ቀን ሰባት ወር ይሞላታል። ገናን ከእናቴ ጋር ለማሳለፍ በታኅሣሥ አጋማሽ ከዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ በረራ እንሄዳለን። ባለቤቴ ከሥራው ፈቃድ ሊያገኝ ስላልቻለ የምጓዘው ብቻዬን ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ወደዚህ ልትመጣ አትችልም፤ የልጅ ልጇንም እስካሁን ያየቻት በስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዞውን ለማስቀረት ልቤ አይፈቅድም።

የሚያስጨንቀኝ 13 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው በረራ ነው። ልጄ ጡት ትጠባለች፣ ጡጦም ትወስዳለች፣ ገንፎም ጀምራለች። ጭኔ ላይ ይዣት ልሂድ ወይስ የራሷ ወንበር ይገዛላት? ጆሮዋን እንዳያማት ምን ላድርግ? አንድ ዘመዴ ለአለርጂ የሚሰጠውን ሽሮፕ ትንሽ ብትሰጫት እስከ ቦሌ ድረስ ትተኛልሻለች ብላኛለች፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ልምድ ያላችሁ በዝርዝር ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1 (የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ እኔ በዚሁ መስመር የመጀመሪያ ልጄን በአምስት ወሯ፣ ሁለተኛውን በአሥራ አራት ወሩ ይዤ ሄጃለሁ። የአምስት ወሯ እጅግ ቀላል ነበረች፤ ሰባት ወርም ገና መራመድ ያልተጀመረበት ዕድሜ ስለሆነ ጊዜሽ ጥሩ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በእናቱ ጭን ላይ ከተጓዘ በዓለም አቀፍ በረራ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ከአዋቂው ዋጋ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ እኔም ሁለቱንም ጊዜ ያደረግሁት እንዲሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ወደ አየር መንገዱ ደውለሽ የሕፃን አልጋ የሚሰቀልበትን የፊት ወንበር ጠይቂ። አልጋው ከፊት ባለው ግድግዳ ላይ የሚገጠም ስለሆነ ቦታው ጥቂት ነው፤ ቀድሞ የጠየቀ ያገኛል። የክብደት ገደብ ስላለው የልጅሽን ክብደት ነግረሽ አረጋግጪ። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ በስልክ ጠይቄ እሺ ከተባልሁ በኋላ ቼክ ኢን ስደርስ ጥያቄው አልተመዘገበም ተባልሁ፤ ዕንባዬ መጣ። በሁለተኛው ጊዜ ማረጋገጫውን በኢሜይል እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ፣ ከበረራው ሦስት ቀን በፊትም ደግሜ ደወልሁ፤ ምንም ችግር አልገጠመኝም።

በፍተሻ በኩል አትጨነቂ። የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ የጡት ወተትን፣ ፎርሙላንና የሕፃን ምግብን አይመለከትም፤ ከሻንጣሽ አውጥተሽ ለፈታሹ አስቀድመሽ መንገር ብቻ ነው። ጋሪውን እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ መግፋት ትችያለሽ፤ ቦሌ ላይ ግን እኔ ያገኘሁት ከሻንጣዎች ጋር ስለነበር አንቀልባ ወይም ሌላ ማዘያ ሳትይዢ እንዳትወጪ። ሁለት እጅሽ ነፃ ካልሆነ ፓስፖርት ማሳየት እንኳ ፈተና ነው። ለራስሽም ቅያሪ ልብስ ያዢ፤ ሁሉም ሰው ለልጁ ይይዝና ራሱን ይረሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጎኔ አንዲት ትልቅ እናት ተቀምጠው ነበር። መጸዳጃ ቤት መሄድ እየፈለግሁ ለሦስት ሰዓት ያህል አፍሬ ቁጭ ብያለሁ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ነጠላቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አነጠፉና «አምጪያት፣ አንቺም እግርሽን አፍታቺ» አሉኝ። ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ ልጄ የነጠላቸውን ጥለት በጣቷ ጨብጣ ተኝታለች። በዚህ መስመር ላይ አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የወገን ሰው ነው፤ እርዳታ ለመጠየቅ እንደ እኔ ሦስት ሰዓት አትጠብቂ።

መልስ 2 (የሕፃናት ነርስ)

ከሽሮፑ ልጀምር። እባክዎ አይስጧት። እነዚህ መድኃኒቶች ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡም፤ አተነፋፈስን ሊያውኩ ይችላሉ፣ አንዳንዱን ሕፃን ደግሞ በማስተኛት ፈንታ ጭራሽ ያነቁታል። ያንን በሰማይ ላይ መሞከር አይገባም።

ስለ ጆሮ የጠየቁት ትክክለኛ ሥጋት ነው። ሕመሙ የሚመጣው አውሮፕላኑ ሲነሣ ሳይሆን በአብዛኛው ዝቅ ማለት ሲጀምር፣ ማለትም ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ሕፃኗ ጡት ወይም ጡጦ ብትጠባ መዋጧ የጆሮዋን ቧንቧ ይከፍተዋል። ልብ ማለት የሚገባው የሰዓቱ ልዩነት ነው፤ በዚያ ወቅት አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በስምንት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ማለዳ ቦሌ ሲያርፉ በልጅዎ ሰውነት እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ከባድ እንቅልፍ ላይ ትሆናለች። ዝቅ ማለት መጀመሩ ሲነገር ቢያሳዝንዎትም ቀስቅሰው ያጥቧት። ጉንፋን ወይም የጆሮ ኢንፌክሽን ካለባት ግን ከጉዞው በፊት ሐኪሟ ጆሮዋን ይያት።

ጥያቄዎ ውስጥ ያላየሁት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው፣ ክትባት ነው። አሜሪካ ውስጥ የኩፍኝ ክትባት በመደበኛው ጊዜ የሚሰጠው ከ12 ወር ጀምሮ ቢሆንም፣ ከ6 እስከ 11 ወር ያሉ ሕፃናት ወደ ውጭ አገር ከመጓዛቸው በፊት ኤም ኤም አር የሚባለውን የኩፍኝ ክትባት አንድ ዶዝ እንዲወስዱ ይመከራል። ሰውነቷ መከላከያ እንዲያዘጋጅ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስለሚያስፈልግ ቀጠሮውን አሁን ይያዙ። ይህ ዶዝ ከመደበኛዎቹ ሁለት ዶዞች አይቆጠርም፤ ዓመት ሲሞላት እንደገና ትጀምራለች። አዲስ አበባ ውስጥ ወባ አያሰጋም፤ ወደ ቆላ አካባቢ የምትወርዱ ከሆነ ግን ያንንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ደረቅ ስለሆነ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ያጥቧት፤ እርስዎም ውኃ ይጠጡ። ዳይፐሯ እንደ ወትሮው የሚርስ ከሆነ በቂ እየጠባች ነው። እዚያ ከደረሱ በኋላ ፎርሙላ የሚበጠብጡት በታሸገ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይሁን።

መልስ 3 (የቀድሞ የበረራ አስተናጋጅ)

የመጀመሪያዋ እህት የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው፤ በአንድ ነጥብ ግን አልስማማም። አቅም ከፈቀደ ለልጅሽ የራሷን ወንበር ግዢላት። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣንም የሚመክረው ሕፃናት ለአውሮፕላን በተፈቀደ የመኪና ወንበራቸው ታስረው እንዲጓዙ ነው፤ የተፈቀደ መሆኑ በወንበሩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይታወቃል። ይህን የምለው ወጪው ቀላል ሆኖልኝ ሳይሆን ድንገተኛ የአየር መናወጥ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ ስላየሁ ነው። ከጎኔ የነበረ የቡና ማንቆርቆሪያ እስከ ጣሪያው ሲነሣ አይቻለሁ፤ የእናት ክንድ የቱን ያህል ቢጠብቅ ያን ኃይል አይችለውም።

አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ራስሽን አትውቀሺ፤ አብዛኛው እናት በጭኑ ይዞ ነው የሚሄደው። የቀበቶ ምልክት ሲበራ ልጅሽን ከተሰቀለው አልጋ እንድታነሺ ትጠየቂያለሽ፤ ተኝታ እያለች መቀስቀሱ ያበሳጫል፣ ነገር ግን አልጋው በመናወጥ ጊዜ አይጠብቃትም። አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍም የሚሰጥሽን የሕፃን ቀበቶና የአስተናጋጆቹን መመሪያ ተከተዪ።

የመልሱን ጉዞ አስቀድመሽ እወቂው፤ ይረዝማል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ እስከ ዋሽንግተን የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ ለመነሣት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል፤ ነፋሱም ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ዳይፐርና ፎርሙላ ስትይዢ በሄድሽበት ሳይሆን በምትመለሺበት ሰዓት አስይ።

መልስ 4 (አያት፣ ከአዲስ አበባ)

ልጄ፣ እኔ ተቀባይ ስለሆንሁ በዚያ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ከአሜሪካ ስትመጣ በዚያው ቀን ዘመድ ሁሉ ተጠርቶ ነበር። ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ ሁሉም ሲስማት፣ ዕጣንና የቡና ጭስ ሲጨመርበት፣ እስከ ማታ አልቅሳ አደከመችን፤ በሦስተኛው ቀንም ጉንፋን ያዛት። እናትሽን ቅር ሳያሰኛት አስቀድመሽ ንገሪያት፤ የእንኳን ደህና መጣችሁ ድግሱ ከአራተኛው ቀን በኋላ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነቅታ ልትጫወት ትችላለች። መብራቱን አታብሩላት፤ ቀን ቀን ግን ወደ ግቢ አውጥታችሁ ፀሐይ አሳዩዋት፣ በጥቂት ቀን ሰዓቷን ትለምዳለች።

መልስ 5 (አባት፣ ቨርጂኒያ)

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አባትየው አብሮ ስለማይጓዝ፣ ልጁ ከእናቷ ጋር እንድትሄድ መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በኖታሪ አረጋግጦ ይስጥሽ። የልደት ሰርተፊኬቷንም ቅጂ ያዢ፤ በተለይ የአንቺና የልጅሽ የቤተሰብ ስም በፓስፖርት ላይ የተለያየ ከሆነ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ የፊት ወንበሩን አስያዝሁ፣ ማረጋገጫውም በኢሜይል ደርሶኛል። የራሷን ወንበር በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን፣ ለመሄጃው በጭኔ ይዣት ልሄድ፣ ለረጅሙ የመልስ ጉዞ ግን ልንገዛላት ወስነናል፤ የመኪና ወንበሯንም ገልብጠን ጽሑፉን አገኘነው። የኩፍኝ ክትባቱ ለሐሙስ ተቀጥሯል። እናቴን ስለ ድግሱ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እኔ ብቻዬን ልቀፋት እንጂ ሌላው ይጠብቃል» አለችኝ።