አስቸኳይ! ጀልባዬ ሐይቅ መሀል እየቆመች ነው

ጀልበኛው፦ ወንድሞች ድረሱልኝ። ሞተሩ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ደህና ይሠራል። መሀል ገብቼ ማዕበል ሲነሳ እንደ ማሳል ይልና ቀጥ። 10 ደቂቃ ቆይቼ ስሞክረው ይነሳል። ፊልትሮውን ስፈታው ጥቁር፣ የሚዝለገለግ፣ ልክ የጠላ አተላ። ማደያው ውሃ የገባበት ናፍጣ ሸጦልኝ ነው። ነገ 16 ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሳለሙ ሰዎች ይዣለሁ። ምን ላድርግ?

ሳቂታው፦ እምቦጩ ጣናን ጨርሶ ታንከርህ ውስጥ ገባ በለኛ!

ቢተው፦ ፊልትሮ ቀይር።

ጀልበኛው፦ ትናንት ቀየርኩ እኮ። ዛሬም ያው ነው።

የመርከብ ሰው፦ እኔ መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ነው የሠራሁት። እዚያ ነዳጅ ዝም ብሎ ሞተር ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ማረፊያ ታንከር ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ በኃይል የሚሽከረከር ማጣሪያ ውሃውንና ቆሻሻውን ይለየዋል። እናንተ ግን ከጀሪካን በቀጥታ ትገለብጣላችሁ። ሥርዓት ያስፈልጋል።

ሳቂታው፦ ጋሼ፣ ማጣሪያው ከጀልባዋ ሊበልጥ ነው።

ዘጌ፦ ማደያውን ለጊዜው ተወው። ክረምቱን ቆማ ነበር? ታንከሩስ ምን ያህል ነበረው?

ጀልበኛው፦ ቆማ ነበር። ሩብ ያህል ነበረው። ምን አገናኘው?

ዘጌ፦ እሱ ነው ነገሩ። ባዶው ቦታ አየር ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆንና ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ተሐዋስያን ይራባሉ፤ አተላህ እሱ ነው። ማዕበል ሲያናውጠው የነዳጅ መሳቢያ ቱቦውን ይደፍነዋል፣ ሲረጋ ይለቀዋል። ለዚህ ነው ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚነሳልህ። ከታች ትንሽ ቀድተህ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አስቀምጠው፤ ውሃው ከስር ለብቻው ይታይሃል።

አራዳው፦ በረኪና ጨምርበት፣ ድራሹን ያጠፋዋል።

ዘጌ፦ እንዳትሰማው! በረኪና ብረት ይበላል፤ ፖምፓህን ትቀብራለህ። አሁን ጀልባዋን ሳትነቀንቅ ለጥቂት ሰዓት ተዋት። ቱቦ ከዱላ ጋር አስረህ እስከ ታንከሩ ዝቅተኛ ጥግ አስገባ፣ በእጅ ፓምፕ ሳብ። በአፍህ አትሳብ። ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪመጣ ቀጥል። የወጣውን ሐይቁ ውስጥ እንዳትደፋ፣ አደራ። ከዚያ አዲስ ፊልትሮ ግጠም፣ ከነዳጅ መስመሩ አየሩን አስወጣ። ግድግዳው ላይ የቀረው እየተላቀቀ ስለሚመጣ ትርፍ ፊልትሮ ያዝ። የነገዎቹን ሰዎች ግን ለሌላ ጀልባ ስጥ። ባዶዋን ሳትሞክራት ሰው አትጫን።

የመርከብ ሰው፦ እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው።

ዘጌ፦ የታንከሩን ክዳን ጎማም እየው። ከተሰነጠቀ ዝናቡ በዚያ ነው የገባው። ከእንግዲህ ስታቆማት ሞልተህ አቁማት።

ጀልበኛው፦ በዚህ ወረፋ በምን ልሙላት? እሺ፣ ቱቦ ፍለጋ ወጣሁ።

ጎርጎራ፦ ሳምንት ሆነው፣ ወንድማችን ምን ደረሰ? የኔዋም ከትናንት ጀምሮ ማሳል ጀምራለች።

ቢተው፦ ፊልትሮ ቀይረሃል?