ፋይሉ ሩቅ፣ ዲስኩ ቅርብ፦ የትኛው ካሽ ይሻላል?

ፋይላችሁ ክላውድ ወይም ሌላ ሰርቨር ላይ ሆኖ፣ በከፈታችሁት ቁጥር እንደ አዲስ በኔትወርክ እየተጎተተ ላማረራችሁ ትንሽ ጥቆማ አለኝ። አጠገባችሁ ያለውን ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) ካሽ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማቆያ፣ አድርጉት (የኪሱን ካሽ ማለቴ አይደለም)። አንዴ የመጣው ፋይል እዚያው ይቀመጣል፣ ሁለተኛ ስትፈልጉት ከዚያው ይነበባል። የትኛው መሣሪያ ይሻላል ለሚለው መልሱ ፋይላችሁ የት እንዳለ ነው የሚወሰነው።

ክላውድ ላይ ከሆነ፣ ጎግል ድራይቭም ይሁን ኤስ3 (የአማዞን ማከማቻ)፣ ሳታቅማሙ አርክሎን (rclone) የሚባለውን ፕሮግራም ያዙ። ነፃ ነው። ግን ዝም ብላችሁ ማውንት ካደረጋችሁት (ክላውዱን እንደ ፎልደር ካገናኛችሁት) ፋይል ዲስክ ላይ አያስቀምጥም፤ ቪኤፍኤስ ካሽ ሞድ (vfs-cache-mode) የሚለው አማራጭ ካልነካችሁት "ኦፍ" ነው። እሱን "ፉል" አድርጉት። ደስ የሚለው ፋይሉን ሙሉ አለማውረዱ ነው። የ20 ጊጋ ቪዲዮ ከመሃል ብትከፍቱ በዋናነት የምታዩትን አካባቢ ነው የሚያመጣው። የካሽ ፎልደሩን ግን በኤክስፋት (exFAT) ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ እንዳታደርጉት፤ እንዲህ በከፊል የተሞላ ፋይል ስለማይችልበት ነገሩ ሁሉ ይንቀራፈፋል።

እኔን ጉድ የሠራኝ የመጠን ገደቡ ነው። ካላስቀመጣችሁለት ገደብ የለውም። አንድ ማታ ፎቶዎቼን አንድ በአንድ ከፍቶ የሚያነብ ፕሮግራም አስነስቼ ተኛሁ። ጠዋት ላፕቶፑ የይለፍ ቃሌን ይቀበልና ተመልሶ እዚያው የይለፍ ቃል መጠየቂያ ላይ ይቆማል። ለካ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ኖሯል። አርክሎን አንድ ሰዓት ያልተነካን ፋይል ራሱ ያጠፋል፣ እኔም እሱን ተማምኜ ነበር፤ ግን አንድ ሰዓቱ ሳይደርስ ቦታው አለቀ። ጥፋቱ የኔው ነው። ገደብ ስታስቀምጡም ለዲስኩ ትርፍ ቦታ ተዉለት፣ ምክንያቱም መጠኑን የሚያየው በየደቂቃው ነው፣ ክፍት ያለ ፋይል ደግሞ አያባርርም።

ፋይሉ በኤንኤፍኤስ (NFS፣ ፎልደር በኔትወርክ መጋሪያ መንገድ) ከሚጋራ ሰርቨር የሚመጣ ከሆነ ካሽፋይልስዲ (cachefilesd) የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ይበቃል። ጭናችሁና አስነስታችሁ፣ ማውንቱ ላይ "ኤፍኤስሲ" (fsc) የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ መርሳት ነው። የዲስኩ ነፃ ቦታ ከ7 በመቶ ሲወርድ የቆየውን ማጽዳት ይጀምራል፣ 3 በመቶ ሲደርስ አዲስ ማስቀመጡን ያቆማል፣ ስለዚህ እንደ እኔ አትደነግጡም። ሰርቨሩ በፈጣን ኬብል አጠገባችሁ ካለ ግን ተዉት፤ እንዲያውም ሊያዘገያችሁ ይችላል።

በአይስካዚ (iSCSI)፣ ማለትም የሩቁ ዲስክ በኔትወርክ እንደ ራሳችሁ ዲስክ ሆኖ የሚመጣ ከሆነ፣ ምርጫው ቢካሽ (bcache) ወይም ኤልቪኤም ካሽ ነው። ቢካሽ ከ2013 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አለ፣ ጥሩም ነው፣ ግን ዲስኩን ከባዶ ማዘጋጀት ይጠይቃል። ዳታ ያለበት ከሆነና ቀድሞ ኤልቪኤም (LVM፣ የሊኑክስ ዲስክ ማስተዳደሪያ) ላይ ከነበረ፣ ኤልቪኤም ካሽን ሳታፈርሱ ከላይ መጨመር ትችላላችሁ። እኔ በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ንባቡን እንደልባችሁ ካሽ አድርጉ። የምትጽፉትን ግን ጠንቀቅ። "ራይትባክ" ማለት ፋይሉ ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ "ተቀምጧል" የሚላችሁ ነው። ቢካሽ ላይ በዚህ ሁኔታ እያለ ኤስኤስዲው ቢሞት፣ የሚጠፋው የመጨረሻው ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሩቁ ዲስክ ራሱ የተበላሸ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቢካሽ ካልነካችሁት "ራይትስሩ" ላይ ነው፣ ማለትም ሩቁ ዲስክ ላይም ሳይጻፍ "ተቀምጧል" አይላችሁም፤ አትንኩት። አርክሎን ደግሞ ፋይሉ ከተዘጋ ከ5 ሰከንድ በኋላ ነው መላክ የሚጀምረው። ትልቅ ፋይል ሴቭ አድርጋችሁ ላፕቶፑን ወዲያው ብትከድኑት እዚያው ዲስካችሁ ላይ ነው ያለው፤ አርክሎንን በዚያው ሴቲንግ ስታስነሱት ይቀጥላል፣ እስከዚያ ግን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ሌላ የሞከራችሁት ካለ ጻፉልኝ፣ በተለይ ዊንዶውስ ላይ።