ፒንግ ያልፋል፣ ፋይል ግን አያልፍም፦ ኪው-ኢን-ኪው ላይ ተጣብቄያለሁ

ሰላም ጓዶች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የደንበኛዬን ሁለት ቅርንጫፎች በአገልግሎት ሰጪ መስመር በኪው-ኢን-ኪው (በደንበኛው የኔትወርክ መለያ ታግ ላይ ሌላ የውጪ ታግ በመደረብ) እያገናኘሁ ነው። የውጪው ታግ 300፣ የውስጦቹ 10 እና 20 ናቸው። ትንሽ ፒንግ (የሙከራ ፓኬት) ያለችግር ይመላለሳል፤ ስለዚህ የኢተርታይፕ (የታጉን ዓይነት የሚናገረው ቁጥር) አለመግባባት አይመስለኝም። ፋይል ለመላክ ስሞክር ግን ቀጥ ይላል።

ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ አድርጌ ፒንግ ሳደርግ 1468 ባይት ያልፋል፣ 1469 ላይ ይሞታል። ታግ የሌለው ትራፊክ ግን እስከ 1472 ይሄዳል። የጎደለችው 4 ባይት ልክ የአንድ ታግ መጠን ናት!

በእኛ ስዊቾች ኤምቲዩውን (በአንዴ የሚያልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) 1504 አድርጌ ሪስታርት አድርጌያቸዋለሁ። መሃል ያሉትን ግን ማየት አልችልም። አቅራቢው በደወልኩ ቁጥር «በእኛ በኩል ሰላም ነው» ይለኛል። ችግሩ እነሱ ጋ መሆኑን ከዳር ሆኜ በምን ላሳያቸው? እስከዚያ የደንበኛውን ኤምቲዩ 1496 ባደርገው ሌላ ጣጣ ያመጣብኛል?